ድርጅት ስለ ራሱ ሲናገር፦ የመታመንና ያለመታመን አጭር ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በአቅራቢው የታረመ)



የዛሬው ገለጻዬ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው። አንድ የንግድ ድርጅት ስለ ራሱ የሚያወራው ዜና በምን ምክንያት ይታመናል? በምንስ ምክንያት አይታመንም? ባንኩም፣ አየር መንገዱም፣ የቢራ ፋብሪካውም ዛሬ የራሱ ጸሐፊና የራሱ ዜና አለው። ጋዜጠኛ እስኪመጣለት አይጠብቅም፤ ራሱ ይጽፋል፣ ራሱ ያሠራጫል። ብዙ ሰው ይህን የዘመናችን ፈጠራ አድርጎ ይቈጥረዋል። የታሪክ ሰው ግን ነገሩ ከ400 ዓመት በላይ የቈየ መሆኑን ያውቃል። በዚህ ሁሉ ዘመን ውስጥ መሣሪያው ደጋግሞ ተለዋውጧል፤ የመታመን ሕጉ ግን አልተለወጠም። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ይህንኑ ሕግ ነው።

ወደ ሩቁ ታሪክ ከመሄዴ በፊት አንድ የግል ነገር ልናገር፤ ይህን ርእስ ለምን እንደመረጥሁት የሚያስረዳው እርሱ ነውና።

በ1980ዎቹ መጨረሻ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዤ፣ ገና ወደ ማስተማር ሳልገባ፣ በአንድ ፋብሪካ የሕዝብ ግንኙነት አገልግሎት ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ በየወሩ የምትወጣ ባለ ስምንት ገጽ የሠራተኞች መጽሔት ማዘጋጀት ነበር። መጽሔቷ በስቴንስል ትባዛና በፋብሪካው በር ላይ በነጻ ትታደል ነበር። አንድ ወር ላይ የቦይለር ቧንቧ ፈንድቶ አንድ አንጋፋ ሠራተኛ ክንዱና ደረቱ ተቃጠለ። እኔም አደጋውን በዐሥራ ሁለት መስመር ጽፌ አቀረብሁ። አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበሩም። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ ካነበቡ በኋላ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙትና «ይህ ሠራተኛውን ያስደነግጣል፤ ምርመራው ሲያልቅ እንጽፈዋለን» አሉኝ። የዚያ ወር መጽሔት የምርት ዕቅዱ ከመቶ በላይ መከናወኑን፣ የእግር ኳስ ቡድናችንም ዋንጫ ማንሣቱን ዘግባ ወጣች።

በሳምንቱ ብርቱካን ገዝቼ፣ መጽሔቷንም ይዤ ሆስፒታል ልጠይቃቸው ሄድሁ። እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ስለነበር ገጾቹን የምገልጥላቸው እኔ ነበርሁ። እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ዝም ብለው ካዩ በኋላ «ልጄ፣ የኔ ነገር በየትኛው ገጽ ነው?» አሉኝ። «ጋሼ፣ በሚቀጥለው ወር ይወጣል» አልኋቸው። በሚቀጥለው ወር አልወጣም፤ ከዚያም በኋላ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ በፋብሪካው በር ላይ የሚቀመጠው የመጽሔት ክምር እምብዛም አይጐድልም ነበር። ከአጥሩ ውጭ ቆሎ የምትሸጠው ሴት ግን ወረቀት አላጣችም።

ፋብሪካው በዚያ እትም አንድም ሐሰት አልጻፈም። ዕቅዱ ተከናውኖ ነበር፤ ዋንጫውም እውነት ነው። ሠራተኛው ማንበብ የተወው ስለተጻፈው ሳይሆን ስላልተጻፈው ነው። ይህን በወጣትነቴ ያየሁትን ነገር በታሪክ ውስጥ ደግሜ ደጋግሜ ስላገኘሁት ነው ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት።

አሁን ወደ ታሪኩ እንሂድ።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን በደቡብ ጀርመን በአውግስቡርግ ከተማ የሚኖሩት ፉገር የተባሉት የነጋዴና የባንክ ቤተሰብ በመላው አውሮፓ ወኪሎች ነበሯቸው። ከቤተሰቡ ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች፣ ኦክታቪያን ሴኩንዱስና ፊሊፕ ኤድዋርድ፣ ከየከተማው የሚላኩላቸውን የእጅ ጽሑፍ ዜናዎች ይሰበስቡ ነበር። ከ1568 እስከ 1605 እ.ኤ.አ. ያለውን ጊዜ የሚሸፍነው ይህ ስብስብ ዛሬ በቪየና ይገኛል። ለእኛ ርእስ ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ ነጋዴ ዜናን የሚፈልገው ለመወደስ አይደለም፤ ገንዘቡን ለማዳን ነው። ጦርነት ተነሣ ወይስ አልተነሣም? የመርከቦቹ ጓድ ደረሰ ወይስ ሰመጠ? በእንዲህ ያለ ጉዳይ ደስ የሚያሰኝ ሐሰት አክሳሪ ነው። የሚጐመዝዝ እውነት ግን ዋጋ አለው።

ይህ ሐሳብ በግልጽ ተቋማዊ መልክ የያዘው በለንደን ነው፤ ያውም በእኛው ቡና ዙሪያ። ኤድዋርድ ሎይድ የተባለ ሰው በ1680ዎቹ እ.ኤ.አ. በታወር ጎዳና የቡና መጠጫ ቤት ከፈተ። በ1691 ወደ ሎምባርድ ጎዳና ተዛወረ። ደንበኞቹ የመርከብ ባለቤቶች፣ ካፒቴኖች፣ ነጋዴዎችና ለመርከብ ጭነት መድን የሚሰጡ ሰዎች ነበሩ። ሎይድ በ1696 «ሎይድስ ኒውስ» የተሰኘች አነስተኛ ጋዜጣ ማሳተም ጀመረ። ጋዜጣዋ ግን ዓመት አልሞላትም። የእንግሊዝን የጌቶች ምክር ቤት የሚመለከት አንድ የተሳሳተ ዘገባ ስላወጣች እንዲያርም ታዘዘ፤ እርሱ ደግሞ ከማረም ይልቅ ማሳተሙን መተው መረጠ። ከሞተ በኋላ፣ በ1734፣ ቤቱን የያዙት ሰዎች «ሎይድስ ሊስት» የተሰኘውን ሕትመት ጀመሩ፤ ይህም ሕትመት እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ድረስ በወረቀት ሲታተም ኖሯል።

ለምን ይህን ያህል ዕድሜ አገኘ? መልሱ በይዘቱ ውስጥ አለ። «ሎይድስ ሊስት» ወደብ የደረሱትን መርከቦች እንደሚዘረዝር ሁሉ የሰመጡትን፣ ከዐለት ጋር የተላተሙትን፣ በጠላት የተማረኩትንም ይዘረዝር ነበር። አንባቢዎቹ መድን ሰጪዎች ስለነበሩ እያንዳንዱ የመስመጥ ዜና ከኪሳቸው ገንዘብ ያወጣል። ይሁን እንጂ የሰመጠውን የሚደብቅ ዝርዝር ስለ ደረሰውም ሊታመን እንደማይችል አሳምረው ያውቁ ነበር። የመጀመሪያው ትምህርታችን ይህ ነው። የአንድ ወሬ ነጋሪ ታማኝነት የሚለካው የሚጐዳውን ዜና በመናገሩ ነው። የሚጠቅመውንማ ማን ይተዋል?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አምራቾችም ወደ ሕትመት ገቡ። የአሜሪካው የእርሻ መሣሪያ አምራች ዲር ኩባንያ «ዘ ፈሮው» የተሰኘውን የገበሬዎች መጽሔት በ1895 እ.ኤ.አ. ጀመረ፤ ትርጉሙ «ትልም» ማለት ነው። መጽሔቱ ማረሻ ከመሸጥ ባሻገር ስለ አፈር፣ ስለ ዘርና ስለ እርሻ አሠራር ለገበሬው ይነግረው ነበር። እስከ ዛሬም አለ። በፈረንሳይ የጎማ ፋብሪካው ሚሽላን በ1900 የመጀመሪያውን የመንገደኞች መምሪያ አሳትሞ ለአሽከርካሪዎች በነጻ አደለ። መምሪያው ካርታ፣ የጎማ አቀያየር መመሪያ፣ የነዳጅ መሸጫዎችንና የሆቴሎችን ዝርዝር የያዘ ነበር። በ1920 መጽሐፉ በዋጋ መሸጥ ሲጀምር በውስጡ የሚወጣው የንግድ ማስታወቂያ ቀረ። ከ1926 ጀምሮም ምርጥ ምግብ ቤቶችን በኮከብ መለየት ተጀመረ። ጎማ ሻጭ ስለ ወጥ ቢናገር ማን ይሰማዋል ትሉ ይሆናል። ተሰማ። ምክንያቱም ከሚመዝናቸው ቤቶች የማስታወቂያ ገንዘብ መቀበሉን ትቷል። ከሎይድ የተማርነው እዚህም አለ፤ ታማኝነት የሚገኘው አንድ ነገር በማጣት ነው።

እስካሁን ያየነው ግን ቀላሉን ነው። መርከቡ የሌላ ሰው ነው፤ ምግብ ቤቱም የሌላ ሰው ነው። ፈተናው የሚመጣው ድርጅቱ ስለ ገዛ ጥፋቱ መናገር ሲኖርበት ነው። ይህን ፈተና በግልጽ የሚያሳየን የአንድ ሰው የሥራ ሕይወት ስለሆነ በእርሱ ላይ ትንሽ እንድቈይ ፍቀዱልኝ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የአሜሪካ ታላላቅ ድርጅቶች ልማድ ዝምታ ነበር። በ1902 በፔንሲልቬንያ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች አድማ በመቱ ጊዜ የሠራተኞቹ መሪ ጆን ሚቸል ጋዜጠኞችን ያነጋግር ነበር፤ የባለቤቶቹ መሪ ጆርጅ ቤር ግን ለማንም ለመናገር ፈቃደኛ አልነበረም። ስለዚህ ሕዝቡ የሰማው የአንደኛውን ወገን ቃል ብቻ ነበር። በ1906 ሌላ አድማ ሲያንዣብብ ባለቤቶቹ ከዚህ ተምረው አይቪ ሊ የተባለ የቀድሞ ጋዜጠኛ ቀጠሩ። ሊ በ1877 በጆርጅያ ክፍለ ግዛት የተወለደ የቄስ ልጅ ነበር። ሥራውን ሲጀምር ለጋዜጣ አዘጋጆች አንድ አጭር መግለጫ ላከ፤ የዛሬው የሕዝብ ግንኙነት ሙያ ይህን መግለጫ ከመሠረት ድንጋዮቹ አንዱ አድርጎ ይቈጥረዋል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ቢሯችን የምስጢር ቢሮ አይደለም፤ የምንሠራው በግልጽ ነው። የምንሰጣችሁ ዜና እንጂ ማስታወቂያ አይደለም። የላክንላችሁ ነገር ማስታወቂያ ከመሰላችሁ አታትሙት። ተጨማሪ ማብራሪያ የፈለገ አዘጋጅ ይጠይቀን፤ የጻፍነውን ለማጣራት እንረዳዋለን።

ቃሉ በተግባር የተፈተነው በዚያው ዓመት ነው። ጥቅምት 28 ቀን 1906 እ.ኤ.አ. እሑድ ከቀትር በኋላ፣ በኒው ጀርሲ በአትላንቲክ ሲቲ አቅራቢያ፣ ሦስት ፉርጎዎች ያሉት የኤሌክትሪክ ባቡር ከተከፋች ድልድይ ላይ ሐዲዱን ስቶ ወደ ውኃው ወደቀ። 53 ሰዎች ሞቱ። ባቡሩ በፔንሲልቬንያ የባቡር ኩባንያ ሥር የሚተዳደር ነበር፤ ሊ ደግሞ ለኩባንያው ይሠራ ነበር። የባቡር ኩባንያዎች የቀድሞ ልማድ አደጋ ሲደርስ ዘጋቢዎችን ማራቅና አፍ መዝጋት ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ኩባንያው ስለ አደጋው የሚያውቀውን ራሱ ጽፎ ለጋዜጦች ሰጠ። ኒው ዮርክ ታይምስም መግለጫውን ቃል በቃል አተመው። ብዙ የሙያው ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ሰነድ የመጀመሪያው ጋዜጣዊ መግለጫ ይሉታል።

ነገሩን በጥንቃቄ እንየው። ኩባንያው ይህን ያደረገው ከቸርነት የተነሣ አልነበረም። ሊ የሚከራከረው ጋዜጠኛው አደጋውን መድረሱ እንደማይቀር፣ በር ቢዘጋበትም አሉባልታ ለቅሞ እንደሚጽፍ፣ ስለዚህ እውነቱን ቀድሞ መናገር ለኩባንያው እንደሚሻል ነበር። ይህ የነጋዴ ስሌት ነው፤ ሆኖም ስሌቱ ከእውነት ጋር ገጠመ። የባቡር ኩባንያው በዚያ መግለጫ ምክንያት አልወደቀም። እንዲያውም እውነት መናገር እንደማይገድል ለሌሎች አሳየ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ግን አላበቃም።

በመስከረም 1913 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት የከሰል ማዕድን ሠራተኞች አድማ መቱ። ትልቁ አሠሪ የሮክፌለር ቤተሰብ ከፍተኛ ድርሻ የያዘበት የኮሎራዶ የነዳጅና የብረት ኩባንያ ነበር። ከኩባንያው ቤቶች የተባረሩት ሠራተኞች ከነቤተሰባቸው በድንኳን ክረምቱን አሳለፉ። ሚያዝያ 20 ቀን 1914 ሉድሎ በተባለው የድንኳን ሰፈር ላይ የክፍለ ግዛቱ ዘብ ተኩስ ከፈተ፤ ሰፈሩም ተቃጠለ። ከአንዱ ድንኳን ሥር በተቈፈረ ጒድጓድ ውስጥ ከጥይት የተሸሸጉ 2 ሴቶችና 11 ሕፃናት ታፍነው ሞተው ተገኙ።

አሜሪካ በቁጣ ስትናወጥ ሮክፌለር የጠራው ያንኑ አይቪ ሊን ነበር። ሊ የአሠሪዎቹን ወገን የሚያስረዱ ተከታታይ ጽሑፎች አሳትሞ ለባለሥልጣናት፣ ለጋዜጣ አዘጋጆች፣ ለቀሳውስትና ለመምህራን በመላ አገሪቱ አሠራጨ። ወረቀቱ ጥሩ፣ አጻጻፉ የተረጋጋ፣ ርእሱም «እውነታዎች» የሚል ነበር። ይሁን እንጂ በውስጡ ከባድ ስሕተቶች ነበሩ። ለምሳሌ የሠራተኛ ማኅበሩ መሪዎች በአንድ ዓመት ያገኙት ክፍያ በዘጠኝ ሳምንት ብቻ የተከፈላቸው ተደርጎ ተጻፈ። የተራበ ሠራተኛ ይህን ሲያነብብ ስለ መሪዎቹ ምን እንደሚያስብ መገመት አያዳግትም።

ሊ በ1915 የፌዴራል መንግሥቱ የኢንዱስትሪ ግንኙነት ኮሚሽን ፊት ቀርቦ ተጠየቀ። አሠሪዎቹ የሰጡህ መረጃ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ አንተ በግልህ ምን ጥረት አደረግህ? መልሱ «ምንም» የሚል ነበር። እርሱ የሠራው የተሰጠውን ተቀብሎ ማሳመር ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ለአዘጋጆች «የጻፍነውን ለማጣራት እንረዳችኋለን» ያለው ሰው የጻፈውን ራሱ አላጣራም። ደራሲው አፕተን ሲንክሌር በስሙ ላይ ቅኔ አወጣበት። «አይቪ» በእንግሊዝኛ የሐረግ ስም ነው፤ ቆዳን የሚያሳክክ አንድ መርዛማ ሐረግም በዚሁ ስም ይጠራል። ሲንክሌር ሊን በዚሁ መርዛማ ሐረግ ስም ጠራው። ስሙ እስከ መቃብር ተከተለው። በ1934፣ ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ኢ ገ ፋርበን ለተባለው የጀርመን የኬሚካል ድርጅት ስለሰጠው ምክር በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት እንደገና ቀርቦ ተጠይቋል።

እንግዲህ ሰውየው አንድ ነው። ብዕሩም አንድ ነው፤ መሣሪያውም ያው መግለጫ ነው። በ1906 ለድርጅቱ አመኔታ አስገኘ፤ በ1914 የአሠሪውንም የራሱንም ስም አቈሸሸ። ልዩነቱ ከየት መጣ? የመጀመሪያው መግለጫ ድርጅቱን የሚጐዳውን ነገር አስቀድሞ የሚናገር ነበር። ሁለተኛው ከአንድ ወገን ብቻ የተቀዳ፣ ያልተጣራ፣ የሚጐዳውን ሁሉ ያስቀረ ነበር። ከዚህ ተነሥቼ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምለው፣ የሙያው መሠረት የተጣለውም የሙያው ውርደት የተጻፈውም በአንድ እጅ ነው እላለሁ።

ከዚህ በኋላ አንድ ሙሉ ምዕተ ዓመት እዘላለሁ። የምዘልበትም ምክንያት አለኝ፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር ተለውጧል። ሊ መግለጫውን ለሕዝብ የሚያደርሰው በጋዜጣ አዘጋጅ በኩል ነበር። አዘጋጁ ሊጠራጠር፣ ሊጠይቅ፣ ወደ ቅርጫት ሊጥለው ይችል ነበር። በእኛ ዘመን ግን ድርጅቱ ያለ በረኛ ለሚሊዮኖች ይናገራል። በረኛው ሲነሣ ኃላፊነቱ ሁሉ ተናጋሪው ላይ ወደቀ። የዚህ ዋጋ ምን እንደሆነ እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም ይልቅ በቅርብ አይተነዋል።

ጥቅምት 29 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. የላየን ኤር ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ከጃካርታ ተነሥቶ ጃቫ ባሕር ውስጥ ወደቀ፤ 189 ሰዎች ሞቱ። በአውሮፕላኑ ውስጥ ኤምካስ የሚባል፣ በአንድ ጠቋሚ መሣሪያ መረጃ ላይ ብቻ ተመሥርቶ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚገፋ ሥርዓት ነበር። ብዙ አብራሪዎች መኖሩን እንኳ አያውቁም ነበር፤ በመመሪያቸው ውስጥ አልተጻፈምና። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ የኢንዶኔዢያ መንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት ሲወጣ ቦይንግ በራሱ ስም መግለጫ አወጣ። መግለጫው ከሪፖርቱ ውስጥ የአብራሪዎችንና የጥገናን ጉድለት የሚጠቁሙትን ነጥቦች መርጦ አጐላ። ከዚያም አውሮፕላኑ በሰማይ ላይ ከበረሩት ሁሉ የማያንስ ደኅንነት እንዳለው ለደንበኞች ማረጋገጫ ሰጠ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። በስድስት ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አቅጣጫ ከሚገኝ የእርሻ ማሳ ላይ ወደቀ። 157 ሰዎች፣ ከ30 በላይ ከሆኑ አገሮች የመጡ፣ ሁሉም አለቁ። ጤፍና ጥራጥሬ የሚዘራበት ያ ማሳ የዓለም ሁሉ የለቅሶ ድንኳን ሆነ።

በዚያ ዕለት አየር መንገዳችን ያደረገውን የታሪክ ሰው ሆኜ ልመዝግበው እወዳለሁ። በዚያው ዕለት ቁጥር የተሰጣቸው ተከታታይ የአደጋ መግለጫዎችን በራሱ ገጽ ማውጣት ጀመረ። በሕይወት የተረፈ አለመኖሩን ተናገረ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው በስብርባሪው መካከል ቆመው የሚታዩበትን ፎቶግራፍ አሠራጨ። በእጁ ያሉትን ማክስ አውሮፕላኖች ሁሉ ከዚያው ቀን ጀምሮ ከበረራ አገደ። የቀሩትን አገሮችም ብዙዎቹ በቀጣዮቹ ቀናት ተከተሉ፤ አሜሪካ ያገደችው ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

ይህን ስል የወገን ውዳሴ እንዳይመስልብኝ እጠነቀቃለሁ። ቀድሞ መናገር የመጨረሻውን ቃል መናገር አይደለም። በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. የወጣውን የኢትዮጵያን የመጨረሻ የምርመራ ሪፖርት የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪ ተቋማት ሙሉ በሙሉ አልተቀበሉትም፤ የአብራሪዎቹን ድርሻ በበቂ አልመረመረም የሚል አስተያየት ሰጥተዋል። ክርክሩ በሙያው መድረክ የሚካሄድ ነው። እኔ የምናገረው ስለዚያ ስለ መጀመሪያው ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን አየር መንገዱ የሚጐዳውን ዜና ራሱ ተናገረ፤ ገንዘብ የሚያስወጣውንም ውሳኔ ወዲያው ወሰነ።

የሌላኛው መግለጫ መጨረሻስ? መስከረም 22 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቈጣጣሪ ኮሚሽን ቦይንግን 200 ሚሊዮን ዶላር፣ የቀድሞ ዋና ሥራ አስፈጻሚውን ደግሞ 1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ወሰነ። ሁለቱም ክሱን ሳያምኑም ሳይክዱም ለመክፈል ተስማሙ። ከክሱ ዋና ነጥቦች አንዱ ያ ከመጀመሪያው አደጋ በኋላ የወጣው መግለጫ ነበር። ኮሚሽኑ እንዳለው መግለጫው በወጣ ጊዜ የኩባንያው የውስጥ የደኅንነት ግምገማ ኤምካስ የአውሮፕላን ደኅንነት ችግር መሆኑን አረጋግጦ ነበር፤ ሥርዓቱን እንደገና የመንደፍ ሥራም ተጀምሮ ነበር። መግለጫው ይህን አልተናገረም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በዚያ መግለጫ ውስጥ ከሪፖርቱ የተጠቀሱት ነጥቦች የተፈጠሩ አልነበሩም፤ ተመርጠው የቀረቡ ነበሩ። ግማሽ እውነት ከሐሰት የሚብሰው በዚህ ነው። ሐሰት ሲገኝ ይታወቃል። ግማሽ እውነትን ግን ስትመረምሩት እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ትክክል ሆኖ ይገኛል፤ የጐደለውን የሚያውቀው የጻፈው ብቻ ነው። በመግለጫው ቀንና በመጋቢት 1 መካከል ያሉት ከሦስት ወር የሚበልጡት ቀናት ያለፉት በዚህ ጉድለት ውስጥ ነው።

አባቶቻችን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ይጠራል። የሉድሎው እውነት በአንድ ዓመት፣ የኤምካሱ በወራት ጠርቷል። ነገር ግን «እያደር» የምትለው ቃል ውስጥ ስንት ሰው እንደሚያልቅ ምሳሌው አይነግረንም። በሁለቱ አደጋዎች 346 ሰዎች ሞተዋል። ድርጅት መግለጫ የሚጽፈው ገና ሳይነጋ ነው፤ የሚፈረድበትም በዚያ ጨለማ ውስጥ የሚያውቀውን ተናገረ ወይስ ደበቀ ተብሎ ነው።

አንድ መከራከሪያ አለ፤ ሳልመልስለት ብሄድ ተገቢ አይሆንም። ሕግ ዐዋቂዎች «የተናገርኸው ሁሉ በፍርድ ቤት ይቀርብብሃል፤ ስለዚህ ምርመራው እስኪያልቅ ዝም በል» ይላሉ። ምክራቸው ከንቱ አይደለም። ያልተረጋገጠ ነገር መናገር ስሕተት ነው፤ የሊ የኮሎራዶ ጽሑፎች የወደቁት በዚሁ ነውና። ነገር ግን «ይህን እስካሁን አላረጋገጥንም» ማለት አንድ ነገር ነው፤ የተረጋገጠውን ሸሽጎ «ሁሉ ደኅና ነው» ማለት ሌላ ነው። ፊተኛው ትዕግሥት ነው። ኋለኛው ግን፣ በ2022 እንዳየነው፣ ከፍርድ አያድንም።

ወደ ማጠቃለያው ልምጣ። ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ነገ በባንክ፣ በአየር መንገድ፣ በፋብሪካ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ትቀጠራላችሁ። ቀሪዎቻችሁም እንዲህ ያለውን ጽሑፍ በየቀኑ ታነብባላችሁ። አንድ ድርጅት ስለ ራሱ የጻፈውን ስታነብቡም ሆነ ስትጽፉ ሦስት ነገር እንድትጠይቁ አደራ እላለሁ። ይህ ጽሑፍ ጻፊውን የሚጐዳ አንድ ነገር እንኳ ይዟል? የጻፈው ሰው የተሰጠውን መረጃ ራሱ አጣርቷል? ጉዳዩ የሚነካው ሰው ቢያነብበው ራሱን በየትኛው ገጽ ያገኛል?

ሦስተኛውን ጥያቄ ያስተማሩኝ አይቪ ሊም ሎይድም አይደሉም፤ እነዚያ በሆስፒታል አልጋ ላይ ያገኘኋቸው ሰው ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ጡረታ ወጡ፤ እኔም ሥራውን ለቅቄ ወደ ማስተማር መጣሁ። በመሰናበቻው ቀን በበሩ አግኝተውኝ እንደ አባት ስመው መረቁኝ እንጂ አልወቀሱኝም። ስለ መጽሔቷ ግን አልጠየቁኝም። ከዚያ የሆስፒታል ቀን በኋላ አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም።

እነዚያ ዐሥራ ሁለት መስመሮች አሁንም በቤቴ፣ በቀይ እንደተሰረዙ፣ በአንድ አሮጌ ፋይል ውስጥ አሉ። «በሚቀጥለው ወር ይወጣል» ብዬ ነበር። ዛሬ ማምሻውን ቢያንስ በቃል አውጥቻቸዋለሁ።